ፍሬኑስ?

«አንተ ስለሆንክ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እሰማ ነበር።» ይህን ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በነጠላ ጫማ፣ የግቢያችንን በር ገርበብ አድርጌ ይዤ፣ ለቀድሞ ባሌ ለጉቱ ነው ያልኩት። ጉቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጠው ደጃፍ ላይ ቆሞ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንደ ድሮው ሰላም አለኝና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የመጣበትን ተናገረ። ወንድሜ ማስረሻ ዛሬ በዚያ መኪና እንዳይወጣ። የተሳቢው የኋላ ፍሬን የሚይዝበት ብረት ተሰንጥቋል። የዚያው መኪና መካኒክ ነውና ትናንት አመሻሽ ላይ ጎማ ሲቀይር በዓይኑ አይቶታል፤ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። ለባለ መኪናው ለአቶ ሐዲስ ቢነግረው «ዕቃ ልታስገዛኝ ነው» ብሎ ከሥራ አባረረው። እጁ እስከ ክርኑ በግሪስ ጠቁሮ ነበር፤ ሳይታጠብ ነው የመጣው። እኔ ግን ግሪሱን አላየሁም። ያየሁት የተባረረ ሰው ነው፣ ያውም ከወንድሜ ጋር የተጣላ፣ ያውም ከእኔ የተፋታ። በሩን ዘጋሁት።

ማስረሻ የአቶ ሐዲስን ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይነዳል። የዚያን ቀን አስር ሰዓት ላይ ነጭ ቦሎቄ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፋሲካ ማግስት፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ከጉቱ ጋር በማይረባ ነገር ተጣልተው የጉቱን ጥርስ ሰበረው። ጉቱ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወጣ፤ እኔም አልከለከልኩትም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። የዚያን ቀን ጠዋትም ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍታ ሥዕሉን ብቻ እያየች፣ የአስር ብሩን ዳቦ ለሦስት እየቆረሰች «ያ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» አለችኝ። «ስለ መኪናው ነው» አልኳት። ማስረሻ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን በሳሙና እንደሸፈነ ከጓዳ ብቅ አለና «ስለተባረረ ነው» አለ። ልብ በሉልኝ፤ ሰውዬው የተባረረው ስለተናገረ ነው፤ እኛ ቤት ግን የተናገረው ስለተባረረ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ሲገለበጥ እኔ እዚያው ተቀምጬ ሻይዬን እጠጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የመኪናውን ነገር ማንም አላነሳም። እናቴ ዳቦው በየሳምንቱ እያነሰ መምጣቱን አወራች፤ ማስረሻም ቲማቲም መቂ መንገድ ዳር በግማሽ ዋጋ እንደሚገኝ ነገራት፤ በዚሁ ተነሳን።

አሁን ሥራዬን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። እዚሁ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ሎጂክ ነው የማስተምረው። አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ፣ አካውንቲንግ ይማር ነርሲንግ፣ በእኔ በኩል ሳያልፍ አይወጣም። የዚያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰባ ልጅ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቬንቲሌተሩ ከተበላሸ ወር አልፎታል፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ለማንም አያዝንም። የዕለቱ ትምህርት ምን መሰላችሁ? ተናጋሪው ጥቅም አለው ብሎ ንግግሩን ውሸት ነው ማለት ስህተት መሆኑን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ምሳሌ ነው የምሰጠው፤ የዚያን ቀንም እሱኑ ሰጠሁ። ጫማ ሻጭ የጫማህ ሶል ተቀዷል ቢልህ፣ ሊሸጥልህ ስለፈለገ ሶልህ ደህና ነው ማለት ነው? ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው ሳቁ። እኔም እንደ ሁልጊዜው «እግርህን አንሳና እየው» አልኩ።

ፊት ለፊት የምትቀመጥ ኤቢሴ የምትባል ልጅ አለች፤ ዝምተኛ ናት፣ ስትጠይቅ ግን ታስጨንቃለች። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ጥቅም ያለውን ሰው ሁሉ እንመን ነው የሚሉን?» አይደለም አልኳት፤ ጥቅም አለው ማለት ደህና አድርገሽ እዪ ማለት ነው፤ ስታዪ ምን እንደምታገኚ ግን አይነግርሽም። ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ «ሳናይ ብንቀርስ?» አለችኝ። ማርከሩ እጄ ላይ ነበር። አፌን ከፍቼ መልስ ልሰጣት ስል በዓይኔ የመጣብኝ የጉቱ እጅ ነው፤ ያ ግሪስ። ሰው ውሸት ሊያወራ ሲመጣ እጁን ይታጠባል። እንግዲህ ይህ ራሱ ማስረጃ አይሆንም፣ ተማሪ ቢጽፈው ስህተት ብዬ የማርምበት ነገር ነው፤ እኔ ግን አመንኩት። ሃያ ደቂቃ ሲቀረኝ ልጆቹን ለቀቅኳቸውና ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

የባጃጁ ልጅ የአቶ ሐዲስ ግቢ እስካለበት እስከ ወለንጪቲ መውጫ ሁለት መቶ ብር አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን መቶ ሃያ ላይ እስኪደርስ ድረስ እሟገተው ነበር፤ ዝም ብዬ ገባሁ። መንገድ ላይ ለማስረሻ ደወልኩለት። ከበስተኋላው ጆንያ ሲወድቅ ይሰማል። «ጫኚዎቹ እየጨረሱ ነው» አለኝ። «ጉቱ ያለውን ነገር አየኸው?» አልኩት። ዝም አለ። ወንድሜን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ዝም የሚለው ሲዋሽ ሳይሆን ላለመዋሸት ሲፈልግ ነው። ከዚያ «እማዬ ስኳር አልቋል ብላለች፤ ስትመለሺ ግዢ» ብሎኝ ዘጋው።

የአቶ ሐዲስ ቢሮ ግቢው ውስጥ የቆመ አሮጌ ኮንቴይነር ነው፤ በመጋዝ መስኮት ተቆርጦለታል። ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ስገባ ከወንበሩ ተነሳልኝ፣ የታሸገ ውሃ አስመጣልኝ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀኝ። ነገሩን ስነግረው ፈገግ አለ። ጉቱ ጎበዝ መካኒክ መሆኑን አልካደም፤ ግን ከመለዋወጫ ሱቅ ኮሚሽን ይበላል አለኝ፤ አሁን ደግሞ ስለተባረረ ቂም ይዟል፤ ከማስረሻ ጋር ያላቸውን ነገር ደግሞ አገር ያውቀዋል።

«ስለዚህ ብረቱ አልተሰነጠቀም?» አልኩት።

«እኔ እሱን አላልኩም። ነገሩ ከማን አፍ እንደወጣ እወቂ ነው የምልሽ።»

«ከማን እንደወጣማ አውቃለሁ። ሌላ ያየው ሰው አለ ወይ ነው የምለው።»

አለ። አዲሱ መካኒክ መኪናው ሰላም ነው ብሎታል። አዲሱ መካኒክ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ግማሽ ቀኑ። «እሱስ ታዲያ ጥቅም የለውም?» ብዬ ብጠይቀው አቶ ሐዲስ ከልቡ ገረመው። «ቤተሰብ ነው እኮ፤ ለምን ብሎ ይዋሸኛል?» አለኝ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ አስረዳኝ። አራት መቶ ኩንታል ተጭኗል። ጎማውን ለመፍታት ተሳቢው መራገፍ አለበት፤ ግማሽ ቀን ነው። መርከቡ ቀን ተቆርጦለታል። ይህን ሁሉ በማን ቃል ያድርገው? በጉቱ? ወይስ በእኔ? «አንቺም እህቱ ነሽ። ወንድሟ መንገድ ሲወጣ ደስ የሚላት እህት አይቼ አላውቅም» አለኝ። ገለልተኛ ሰው አምጪ፣ እሰማለሁ አለኝ። አዳማ ውስጥ ስለዚያ መኪና የሚያውቅ፣ ግን የአቶ ሐዲስን እንጀራ ያልበላ፣ ከጉቱ ጋር ያልሠራ፣ የእኛም ጎረቤት ያልሆነ ሰው ከየት ነው የማመጣው?

ማስረሻ ከውጭ ሆኖ ሰምቶናል። እጄን ይዞ ወደ ጎማዎቹ ጥላ ወሰደኝና፣ ሸራ የሚያስሩት ሠራተኞች እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ንገሪኝ፤ መልሰሽ ልታስገቢው ነው አይደል? ትፈልጊዋለሽ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ እዚያ፣ በናፍጣ ሽታ መሃል ጠየቀኝ። ልክድ እችል ነበር። ብክድ ግን ሌላውንም አያምነኝም።

«አዎ፣ እፈልገዋለሁ» አልኩት። «ፍሬኑስ?»

ከዚያ ያደረገው ነገር እኛ ብቻ የምናደርገው ነው። ወደ አቶ ሐዲስ ሄዶ «ጋሽ ደገፋ ቢጠሩስ» አለው። ጋሽ ደገፋ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ፣ ደግ ሽማግሌ። አቶ ሐዲስም ደስ አለው። ጉቱ ተደወለለት። በሩብ ሰዓት ደረሰ፤ ቱታውን ለብሶ፣ በአንድ እጁ የመኪና ማንሻውን ክሪክ፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዞ። መኪናውን ሊያዩ ነው የጠሩኝ ብሎ ነው፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ስድስት የፕላስቲክ ወንበር ክብ ሆኖ፣ ጋሽ ደገፋም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሲጠብቁት አየና ክሪኩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ዕርቁ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ለስላሳ መጣ። ጋሽ ደገፋ ከፋሲካው ጠብ ጀመሩ፤ ማን ምን አለ፣ ማን ቀድሞ እጁን ሰነዘረ። ጉቱ ሦስት ጊዜ «ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለፍሬኑ ነው» አላቸው፤ ሦስት ጊዜም «እንደርስበታለን ልጄ፤ መጀመሪያ ልብ ይጽዳ» አሉት። አስር ሰዓት እየቀረበ ነው። እኔ ለሴት ልጅ ወንበር ስላልተዘጋጀ መኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ያ ጎማ ከእኔ አስር እርምጃ አይርቅም። በመጨረሻ ማስረሻ ተነስቶ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብሎ የጉቱን ትከሻ ሳመ። ጉቱ አለቀሰ። ማስረሻም አለቀሰ። እኔም፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ለሁለት ዓመት በየሌሊቱ የተመኘሁት ነገር ዓይኔ ሥር ሲሆን እያየሁ አለቀስኩ። ጋሽ ደገፋ በአማርኛም በኦሮምኛም መረቁ። ሁሉም አሜን አለ።

ጉቱ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ባትሪውን አነሳ። «እሺ፣ አሁን እንየው» አለ።

የሽማግሌው ፊት ወዲያው ነው የጠቆረው። «ታርቀሃል እኮ ልጄ። አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?» አሉት። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። አቶ ሐዲስ ተነስቶ ጋሼን አመሰገነ፤ ነገሩ በሰላም አለቀ አለ። ጉቱ ነገሩ ሌላ መሆኑን፣ ጠቡና ብረቱ እንደማይገናኙ ሊያስረዳ ሞከረ፤ በሞከረ ቁጥር ደግሞ ዕርቁን ያፈረሰ ሰው መሰለ። አንዱ ሽማግሌ «ልቡ አልጸዳም» ሲል ሰማሁት። እኔም ገብቼ ተናገርኩ፤ ጥርት አድርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው፤ ሰውዬው ተጣልቶም ይሁን ታርቆ ብረቱ ያው ብረት ነው አልኩ። ጋሽ ደገፋ በርኅራኄ አዩኝ። «አይዞሽ ልጄ፤ እሱም ወደ ቤቱ ይመለሳል» አሉኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? መጮኽ አማረኝ፤ ሽማግሌ ፊት አይጮኽም።

ጉቱ ክሪኩን አነሳ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለና ድምፁን ሳያነሳ «ጠዋት ተሳቢው ባዶ ነበር፤ ቁልፉም ማስረሻ ጋ ነበር። አንድ ሰዓት አይፈጅብንም ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ወቀሰኝ እንኳ አልልም፤ የሥራ ነገር እንደሚነግረኝ ነው የነገረኝ። በበሩ ወጥቶ ሄደ፤ የማስረሻ ሞተር ከኋላዬ ተነሳ።

ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው። ቦርሳዬን መሬት ላይ ጣልኩና እስከ ታች ወረድኩ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ዞሬ መሃል ላይ ቆምኩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ያሰብኩ አይመስለኝም። ማስረሻ መኪናውን እስከ በሩ አምጥቶ አቁሞታል። ከላይ ሆኖ በመስታወቱ ያየኛል። «ና!» ብዬ ጮህኩ። «ደህና ነው ካልክ እስከ እኔ ድረስ ናና ቁም።» አቶ ሐዲስ እየሮጠ መጣ፤ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ፤ አንድ ሚኒባስ ከኋላዬ ጥሩንባ ይነፋል። እኔ የማየው የወንድሜን ፊት ብቻ ነው። እጁ ማርሹ ላይ ነበር። ግን አላስገባውም። እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ፤ ጉቱ ጎማ ሲቀይር አጠገቡ የቆመው ማን ሊሆን ይችላል? ባትሪውን ያበራለት ሹፌሩ ማስረሻ ነው። አይቶታል። ከእኔ በፊት፣ ከሁላችን በፊት አይቶታል።

ሞተሩ ጠፋ። ማስረሻ ከመኪናው ወርዶ እስከ አስፋልቱ መጣና ቁልፉን ለአቶ ሐዲስ ሰጠው። ብረቱ ተሰንጥቋል አላለም። «እህቴን ጥዬ አልሄድም» ብቻ ነው ያለው። አቶ ሐዲስ ቁልፉን መዳፉ ላይ እያገላበጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሁን፤ ሰኞ ና። ሥራህ አይነካም፤ በዚህች ግቢ ውስጥ ግን ከዛሬ በኋላ ፍሬን የሚል ቃል እንዳልሰማ» አለው። ወንድሜ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ በብብቴ ይዞ ከአስፋልቱ መሃል ወደ ዳር አወጣኝ። ከሞት አፍ ነው ያወጣሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ጫምሳ መጣ። ጫምሳ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ ሦስት ሳምንት የሆነው ሹፌር ነው። በዓይን አውቀዋለሁ፤ አምስት ልጆች አሉት፣ ትንሿን አንዳንዴ ትከሻው ላይ አድርጎ ያልፋል። አቶ ሐዲስ ሲጠራው ሮጦ ነው የመጣው፤ ጃኬቱንና የጥርስ ብሩሹን በፌስታል ይዞ፣ ዕድሉ እንዳታመልጠው እየፈራ። ሳይጠየቅ እስከ በሩ ወጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከውጭ ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚያ ወደ እኛ ወርዶ ማስረሻን «አንተ ለምን ቀረህ?» አለው።

ማስረሻ እኔን አየ። የመለሰው አቶ ሐዲስ ነው። «እህቱን አሟታል፤ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ነው።»

ጫምሳ ወደ እኔ ዞረ። ቀኑን ሙሉ ሲፈለግ የዋለው ሰው እንግዲህ ያን ጊዜ ተገኘ። ጫምሳ ዘመዴ አይደለም፤ ሄደም ቀረም ለእኔ ምንም ጥቅም የለውም፤ አሁን ብናገር እህቱ ስለሆነች ነው የሚለኝ የለም። ሁለት ቃል ይበቃል። አቶ ሐዲስ ዓይኑን ከማስረሻ ላይ አላነሳም። የወንድሜ እጅ ብብቴ ሥር ጠበቅ አለ፤ ላቡ በሸሚዜ አልፎ ይሰማኛል። እናቴ ታሰበችኝ፤ የቤት ኪራዩ ታሰበኝ፤ ሰኞ ታሰበኝ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ራሴን እንደ በሽተኛ ወንድሜ ትከሻ ላይ ጣል አደረግኩ።

ጫምሳ ከንፈሩን መጠጠ። ጋቢናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳና በዚያ ቁልቁለት ቀስ ብሎ፣ በማርሽ ይዞ፣ እየተጠነቀቀ ወረደ። አጠገባችን ሲደርስ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እግዜር ይማርሽ እህቴ» አለኝ።

«ያኑርህ» አልኩት።